ሰርቃለች ቢባል እንኳ

አሰፋሽ ቦሌ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአሥራ ሰባት ዓመት የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ነበረች። ንፍጥ ጠርጋለች፣ የራሰ ሱሪ ቀይራለች፣ የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ተጣብቆ "እማዬ ጋ ውሰዱኝ" የሚለውን ሁሉ አባብላ አስገብታለች። መጀመሪያ ያቀፈቻቸው ልጆች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሲያገኟት ከእናታቸው መኪና ወርደው ይስሟታል። ትንንሾቹ "እማ አሱ" ነበር የሚሏት።

ባለቤቷ ኤርሳዶ ከሆሳዕና የመጣ አናጺ ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አያት ኮንዶሚኒየም በዕጣ ከደረሳቸው ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከልጇ ከቃልአብ ጋር ትኖራለች። ቃልአብ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ራይድ ይሠራል። እሑድ እሑድ አሰፋሽ በቤተ ክርስቲያኗ የሕፃናት አገልግሎት ውስጥ መዝሙር ታስተምር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ልጆች ስትጠብቅ ከርማ እሑድ ደግሞ ልጆች። "አይሰለችሽም ወይ?" ሲሏት ትስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት አሥራ አምስት ቀን ነው። ናኦሚ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አያቷ ለልደቷ የሰጠቻትን ቀጭን የወርቅ ሐብል አድርጋ ትምህርት ቤት መጣች። ወርቅ አድርጎ መምጣት ክልክል ነው፤ ግን ማን ይሰማል። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ሲተኙ ሐብሉ ተጠምዝዞ የናኦሚን አንገት ያዛት። አሰፋሽ ቀስ ብላ አላቅቃ ከሹራቧ ሥር ከተተችላት። ይኸው ነው ያደረገችው።

ማታ ቤት ሲደርሱ ሐብሉ የለም። እናትየው ልጅቷን "ማን ነካው?" ብላ ጠየቀች። ናኦሚም እውነቱን ተናገረች፦ "እማ አሱ።"

በማግስቱ አሰፋሽ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቢሮ ተጠራች። እናትየው ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። አሰፋሽ ያደረገችውን ሳትደብቅ ተናገረች፤ ነካሁት፣ ሹራቧ ውስጥ ከተትኩት አለች። እናትየው ወደ ዳይሬክተሯ ዞረችና "ይኸው፣ ነካሁ ብላለች" አለች።

አብራት የምትሠራ እንቁ የምትባል ልጅ ነበረች። የደሴ ልጅ ናት፤ የዚያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በዚያ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ናኦሚን መኪና ውስጥ ያስገባቻት እሷ ነበረች። ሐብሉ ከሹራቡ ወጥቶ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ አይታዋለች። እንቁ ማንም ሳይጠራት ቢሮ ገብታ ይህንኑ ተናገረች። ዳይሬክተሯ "ገባኝ፣ ገባኝ" አለቻት። የጻፈችው ነገር ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዝም ሆነ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። አሰፋሽ ጌታ ፈረደልኝ አለች። አንዳንድ እናቶች ሰላምታቸው ቀዝቅዟል፤ ሌላ ለውጥ አላየችም። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ፣ ጥር ሃያ ሁለት ቀን፣ አንድ ፖስታ ተሰጣት። መገናኛ ላይ ባቡር ውስጥ ተቀምጣ ከፈተችው። "በአሠሪው ንብረትና በተማሪ ላይ የእምነት ማጉደል ተግባር በመፈጸምዎ" ይላል። ከዚያ በታች ያለውን አላነበበችም። አያት ደርሳ ሁሉም ወርዶ ሲያበቃ፣ ባቡሩን የምታጸዳዋ ሴት ትከሻዋን ነካ አድርጋ "እናቴ፣ መጨረሻው ነው" አለቻት።

ሦስት ወር ሙሉ ለምን እንዳቆዩዋት በኋላ ነው የገባት። በዓመቱ አጋማሽ ልምድ ያለው ሞግዚት አይገኝም። ሌላ ሰው እስኪያገኙ ሌባ ያሏትን ሴት ከሠላሳ ሁለት ሕፃናት ጋር ዘግተው አሠሯት ማለት ነው።

ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ነበር። ከምእመናኑ መካከል ልጃቸውን እዚያ የሚያስተምሩ አሉ። በሁለተኛው እሑድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ አብዲሳ ከጉባኤው በኋላ ለብቻዋ አነጋገሯት። ጋሽ አብዲሳ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

"እኅቴ አሰፋሽ፣ ማንም አልፈረደብሽም። ነገሩ እስኪጣራ ግን ከሕፃናቱ አገልግሎት ትንሽ አረፍ ብትዪ…"

"ጋሽ አብዲሳ፣ እርስዎ አሰፋሽ ትሰርቃለች ይላሉ?"

"እኔ አላልኩም። ወላጆች ናቸው የሚጠይቁት።"

"የፍርድ ቤት ወረቀት ባመጣስ?"

ጋሽ አብዲሳ ቀና አሉ። "እሱማ ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት አልሰረቀችም ካለ ማን አፉን ይከፍታል?"

አሰፋሽ ፍርድ ቤት የሄደችው በዚህ ምክንያት ነው። ካሳ የሚባል ነገር መኖሩንም በዚያን ጊዜ አታውቅም ነበር።

ጠበቃውን ያገኘው ቃልአብ ነው። አንዴ የጫናት ተሳፋሪ በስልክ የራሷን የሥራ ክርክር ስትናገር ሰምቶ የጠበቃዋን ስም ጠየቃት። ወንድወሰን ይባላል፣ ቢሮው መገናኛ ነው፣ የሠራተኛ ጉዳይ ላይ የሚስተካከለው የለም አለችው። እናትና ልጅ ማክሰኞ ከሰዓት ሄዱ። ወንድወሰን አርባ ዓመት ያለፈው፣ ፈጣን፣ ጨዋ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልኮች በየተራ ይንቀጠቀጣሉ። የመሰናበቻ ደብዳቤውን ወዲያውኑ አንብቦ ጨረሰ።

"ሐብሉ ጠፋ የተባለው ምን ቀን ነው?"

አሰፋሽ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። "ማክሰኞ ነበር። የጥቅምት ብርድ ያውቃሉ፤ ልጅቷ ሹራብ ለብሳለች። ከምሳ በኋላ ስትተኛ…"

"ሹራቡን እንደርስበታለን። ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ። ዳይሬክተሯስ ምን ቀን ሰማች?"

"በማግስቱ ጠዋት። እናትየው እዚያው ነበረች፣ እኔም ሳልደብቅ…"

"ጥቅምት አሥራ ስድስት።" ጻፈ። "ደብዳቤው ምን ቀን ደረሰዎት?"

"ጥር ሃያ ሁለት።"

ወንድወሰን የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አየ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ከዚያ ፈገግ አለ። "ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ጥሩ ጉዳይ ይዘው ነው የመጡት።"

አሰፋሽ አለቀሰች። ከጥቅምት ጀምሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ፈገግ ያለላት የመጀመሪያው የቢሮ ሰው እሱ ነው። አመነኝ ብላ ነው ያለቀሰችው። እሱ ደግሞ የቆጠረው የሥራ ቀኖችን ነበር። አሠሪ ጥፋት አገኘሁ ካለ ባወቀ በሠላሳ የሥራ ቀን ውስጥ ማሰናበት አለበት፤ ትምህርት ቤቱ ይህን ጊዜ አሳልፎታል። ጉዳዩን ጥሩ ያሰኘው ይኸው ብቻ ነበር።

"ምንድን ነው የሚፈልጉት?" አላት ሶፍት እያቀበላት።

"ስሜን" አለች። "ስሜን ይመልሱልኝ።"

"እሱማ ሲፈረድልዎ ይመለሳል" አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር አሰፋሽ ቃል በቃል ይዛት ቀረች። እሱ ሰው በር ላይ ሲሰነባበት "አይዞሽ" እንደሚለው ብሏት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ውል ነው የሰማችው። ቀጥሎ ወደ ሥራ መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት። በክብር ከሆነ አዎ አለችው። ግንኙነቱ ስለተበላሸ ፍርድ ቤቱ ካሳ ቢሰጥ ይሻላል፣ እዚያ ተመልሰው ቢገቡም ኑሮ አይሆንም አላት። "እርስዎ እንዳሉ" አለች። የት ልፈርም አለች። የክስ አቤቱታው ስምንት ገጽ ነበር። አሰፋሽ ማንበብ አያቅታትም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ሦስት ጊዜ ዳር እስከ ዳር ያነበበች ሴት ናት። ግን የተማረ ሰው የጻፈውን ፊቱ ተቀምጦ መመርመር ነውር መሰላት። ቃልአብ ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ፣ የሚጠየቀው ክፍያ የተዘረዘረበትን፣ አየ።

"ምስክር አለዎት?" ብሎ ጠየቃት ወንድወሰን ሲያበቃ።

"እንቁ አለች። በዓይኗ ያየች ናት።"

ስሟን ጻፈው።

እንቁ መመስከሩን ያለ ማመንታት ነበር የተቀበለችው። "ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ምን ያስፈራኛል?" አለች። ግን የምስክሮች ዝርዝር ከክሱ ጋር ለትምህርት ቤቱ ይደርሳል። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ወረቀቱን በተቀበለች ማግስት እንቁን ከሕፃናቱ ክፍል አውጥታ መጸዳጃ ቤት እንድታጸዳ መደበቻት። ይህ እንደሚመጣ ለእንቁም ለአሰፋሽም የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አሰፋሽ ጠበቃ ከያዘች በየሳምንቱ የሚሆን ነገር ያለ መስሏት ነበር። ትደውላለች፤ አያነሳም። "ስብሰባ ላይ ነኝ" የሚል መልእክት ይመጣል። ሐሙስ ሐሙስ ከአያት በባቡር መጥታ ቢሮው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ጀመር። ፀሐፊዋ ማኅደር መጀመሪያ ሻይ ታቀርብላት ነበር፣ በኋላ ግን ማቅረቧን ተወች።

"እናቴ፣ ቀጠሮው ሚያዝያ ነው። እስከዚያ ምንም አዲስ ነገር አይኖርም።"

"እሱን አንዴ ላናግረው ብቻ።"

"ምን ልበለው?"

አሰፋሽ ምን እንደምትል ቸገራት። ያልነገረችው ነገር ነበር፤ ስለ ሹራቡ። ማንም እስከ መጨረሻው አልሰማትም። አንድ ሐሙስ ወንድወሰን ሲወጣ አገኘችውና መንገር ጀመረች። እሱም ደረጃውን እየወረደ ሰማት፤ መኪናው ጋ ሲደርስ "ወይዘሮ አሰፋሽ፣ አይጨነቁ፣ አያስፈልገንም፤ እናሸንፋለን" አላት። ደስ ብሏት ተመለሰች። "አያስፈልገንም" የሚለውን ቃል አላስተዋለችውም።

የሚያዝያው ቀጠሮ ቀን አሰፋሽ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። እንቁ ፈቃድ ስለተከለከለች አሞኛል ብላ ከሥራ ቀርታ መጣች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ የምትለውን በልቧ እየደጋገመች ትጠብቃለች። ሲጠሩ አሰፋሽና ጠበቃዋ ገቡ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ፋይል ጠረጴዛዋን ሞልቶታል። የትምህርት ቤቱ ጠበቃ ስለ እምነት ማጉደል፣ ስለ ወላጆች አመኔታ ተናገረ። ወንድወሰን ተነሣ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ የተባለውን ጥፋት አልፈጸመችም። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ወደዚህ ፍሬ ነገር መግባት አያስፈልገውም። ደንበኛዬ ሐብሉን ሰርቃለች ቢባል እንኳ፣ ተከሳሽ ባወቀ በሠላሳ የሥራ ቀን ውስጥ እርምጃ ስላልወሰደ የማሰናበት መብቱ ቀሪ ሆኗል።"

አሰፋሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች። "አልሰረቅኩም!"

ችሎቱ ውስጥ ያሉ ባለ ጉዳዮች ሁሉ ዞሩ። ዳኛዋ ቀና አለች። "እናቴ፣ ይቀመጡ። ጠበቃዎ እየተናገረልዎ ነው።"

"እኔ ሰርቃለች ቢባል እንኳ አላልኩም። ያየች ልጅ ውጭ ተቀምጣለች፣ ትጠራልኝ!"

ወንድወሰን ክንዷን ያዝ አድርጎ "ይቀመጡ፣ ያበላሹታል" አላት በለሆሳስ። ተቀመጠች። ዳኛዋ የደብዳቤውን ቀንና ዳይሬክተሯ ነገሩን ያወቅሁበት ነው ብላ በጽሑፍ ያመነችውን ቀን አመሳክራ፣ ጭብጡ የሕግ በመሆኑ ምስክር መስማት አስፈላጊ አይደለም አለችና ለውሳኔ ቀጠረች። ሁሉም ነገር አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው።

ኮሪደሩ ላይ እንቁ ብድግ አለች። "ልግባ?"

"አንቺ መሄድ ትችያለሽ" አላት ወንድወሰን። ፊቱ በርቷል። "በጣም ጥሩ ሄዷል።"

አሰፋሽ ፊቱ ቆመች። "በእርስዎ አፍ ሌባ አሉኝ።"

"አላልኩም፣ ወይዘሮ አሰፋሽ። ቢባል እንኳ ነው ያልኩት። የሕግ አነጋገር ነው፤ ሁሉም ጠበቃ እንዲህ ነው የሚከራከረው።"

"የቀጠርኩዎት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም።"

"ለእርስዎ ነው ያልኩት!" አለ፤ ሰዓቱን አየ፤ ሌላ ችሎት ነበረበት።

በሰኔ አንድ ቀን ስልኳ ጠራ። በአምስት ወር ውስጥ ወንድወሰን ራሱ ሲደውል የመጀመሪያው ነው። ቃልአብ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። "ተፈርዶልናል! ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሏል። ካሳውም፣ የስንብት ክፍያውም፣ ሁሉም!" ቃልአብ ዘሎ ጮኸ፤ "እማ፣ ወይኔ እማ፣ አሸነፍሽ!" ብሎ አቀፋት።

"ስለ ሐብሉ ምን ይላል?" አለች አሰፋሽ።

 "ስለ ሐብሉ ምንም አይልም። አያስፈልግም ነበርኮ።"

እሷ ግን ይህንን አላመነችም። ሕገ ወጥ ከተባለ አልሰረቀችም ማለት ነው ብላ ራሷን አሳመነች። የውሳኔውን ግልባጭ አውጥታ፣ ማኅተሙን ደጋግማ እያየች፣ በፕላስቲክ አቃፊ አድርጋ እሑድ ለጋሽ አብዲሳ ሰጠቻቸው። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ነበሩ። ጋሽ አብዲሳ መነጽራቸውን አደረጉና ከመጀመሪያው ገጽ አንብበው ወረዱ። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ወረቀት ያነበበ ሰው አይቸኩልም። አራተኛው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ።

"እዚህ ላይ…" አሉና ቀስ ብለው አነበቡላት። "ከሳሽ የተባለውን ጥፋት መፈጸሟን ወይም አለመፈጸሟን መመርመር ሳያስፈልግ፣ የስንብት እርምጃው በሕግ ከተወሰነው ጊዜ ውጭ የተወሰደ በመሆኑ…"



"አሸንፈሻል፣ እኅቴ" አሉ ጋሽ አብዲሳ ወረቀቱን አቃፊው ውስጥ እየመለሱ። "ጌታ ይመስገን፤ ገንዘብሽን አስከብሯል። ግን እኛ የጠየቅነውን… ፍርድ ቤቱ አላየውም ማለት ነው። እኔ አምንሻለሁ። ወላጆች ይህን ቢያነቡ ግን፣ ቀን አልፎባቸው ነው እንጂ ይላሉ።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያየው?"

ጋሽ አብዲሳ አቃፊውን መለሱላት። ከእናቶች የጸሎት ቡድን ጋር እንድታገለግል ሐሳብ አቀረቡላት። አቃፊዋን ይዛ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገና ሳይከፈት መገናኛ ደረሰች። ወንድወሰን ሲመጣ ደረጃው ላይ አገኛት፤ የመጣችው ለምስጋና መስሎት ፊቱ ፈካ። አስገባት። ጋሽ አብዲሳ ያነበቡትን መስመር በእርሳስ አስምራበት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

"ይህ አይደለም የጠየቅኩዎት።"

አነበበው። "ወይዘሮ አሰፋሽ፣ በዚህ ነጥብ ነው ያሸነፍነው። ወደ ሐብሉ ብንገባ እናትየው ትመሰክራለች፣ ነክቻለሁ ማለትዎም ይነሣል፤ ልንሸነፍም እንችል ነበር። እኔ አደጋ ውስጥ ላለማስገባት ነው።"

"ልሸነፍስ? ማን ሽንፈት ፈራሁ አለዎት? እንቁ ተናግራ፣ እኔም ተናግሬ፣ ዳኛዋ ሰምታ ዋሽታችኋል ብትለን ይሻለኝ ነበር።"

"አሁን ነው እንዲህ የሚሉት።"

"የመጀመሪያውን ቀን ምን ይፈልጋሉ ብለው ጠየቁኝ። ስሜን አልኩዎት። ይመለሳል አሉኝ።"

ወንድወሰን ትከሻው ወረደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አሰፋሽም ትመሰክርለታለች። ግን የመለሰላትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

"ሁሉም ስሜን ይላሉ፣ ወይዘሮ አሰፋሽ። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስሜን ይላል። ኋላ ላይ የሚጠይቁኝ ካሳውን ነው። እኔም ያንን ለመድኩ።"

"አሁንስ? ስሜን የት ሄጄ ልጠይቅ?"

ወንድወሰን የቀን መቁጠሪያውን አየ። በስም ማጥፋት ለፖሊስ ማመልከት ይቻል እንደነበር፣ ግን አቤቱታው ነገሩ በታወቀ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ እንዳለበት፣ ጊዜውም ሚያዝያ ላይ እንዳለቀ ነገራት። "ቀደም ብለው በግልጽ ቢነግሩኝ ኖሮ ጎን ለጎን እናቀርብ ነበር" አለ።

አሰፋሽ ሚያዝያ ውስጥ የት እንደነበረች አስታወሰች። ሐሙስ ሐሙስ እዚያው ደጃፉ አግዳሚ ላይ ነበረች። ለመናገር አልሞከረችም፤ አቃፊዋን አንሥታ ወረደች። ትምህርት ቤቱ ሲቀጣት ቀኑ አለፈበት፣ እሷ ስትበደል ደግሞ ቀኑ አለፈባት፤ ያው አንድ ሕግ ነው።

በክረምቱ የእንቁ ውል ሳይታደስ ቀረ። ምክንያት አልተጻፈም። ሌላ ትምህርት ቤት አመለከተች፤ ቀድሞ ትሠራበት ወደነበረው ደውለው ሲጠይቁ የሰሙትን ሰምተው ነው መሰለኝ፣ አልቀጠሯትም። መስከረም አጋማሽ ወደ ደሴ፣ ወደ እናቷ ቤት ለመመለስ ወሰነች። አሰፋሽ ልትሸኛት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ላምበረት መናኸሪያ ደረሰች። ከካሳው ላይ ቀንሳ በፖስታ ይዛላታለች። እንቁ ፖስታውን አየችና እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

"እትዬ አሱ፣ እኔ ለገንዘብ አልነበረም።"

"አውቃለሁ። በእኔ ምክንያት ነው ይህ ሁሉ የመጣብሽ።"

"በአንቺ ምክንያት አይደለም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያ ጠበቃሽ እንደማይፈልገኝ ካወቀ ስሜን ለምን ጻፈው? መጀመሪያ ቢያስብበት ምን ነበረበት? እኔ በአንድ መስመር ላይ ተጽፌ ነው ሥራዬ የጠፋው። አፌን እንኳ አልከፈትኩም።"

 ረዳቱ "ደሴ፣ ደሴ፣ የቀረ!" እያለ ይጣራል። ፖስታውን የእንቁ ቦርሳ ውስጥ በግድ ከተተችው፤ እንቁም በመጨረሻ አልመለሰችውም፤ ያስፈልጋታል። ተሳሳሙ። ከዚያ እንቁ የአውቶቡሱን ደረጃ አንድ ወጥታ ዞረች።

"ምን ልል እንደነበር ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው። ናኦሚ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። መኪናው ውስጥ ሳስገባት ሐብሉ ሹራቡ ላይ ነበር። ወደ ውስጥ መለስኩላት። እሷም 'እማ አሱ ደብቂው ብላኛለች' አለችኝ። ቀበቶዋን አሰርኩላት፣ በሩን ዘጋሁ። ይህን ነው የምለው የነበረው።"

ረዳቱ ገፋ አድርጎ አስገባት። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ጎማው ያስነሣው የዝናብ ውሃ የአሰፋሽን ቀሚስ ረጨው። ከጥቅምት ጀምሮ እንዲነገርላት ስትለምን የነበረውን ቃል ሰማች፤ ቆማ የሰማችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል። አሰፋሽ አሁን ገርጂ አንድ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ ታጸዳለች። ሠራተኛው ሳይገባ ትገባለች፣ ሳይበዛ ትወጣለች፤ ይህን ነው የምትወድለት። ከካሳው የቀረው የቃልአብን መኪና ሞተር አሠራ። ቃልአብ በዚህ ነገር ከእናቱ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። "እማ፣ እኮ ዊን አድርገሻል፤ ሌላው ሰው እሱንም አያገኝም" ይላታል። እሷም "እሺ" ትለዋለች። አያት አካባቢ ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እዚያ ማንም አያውቃትም። ልጆች ይወዱሻልና የሕፃናቱን ክፍል ብትረጂን ብለው ጠይቀዋት ነበር። ጉልበቴን ያመኛል አለች።

ባለፈው ጥር ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት አቶ ገረመው በሯን አንኳኩ። ከሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ ከድርጅታቸው ሰነድ አጠፋህ ተብለው ተባረዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እንቅልፍ እንዳልተኙ ያስታውቃል። አሰፋሽ አስቀመጠቻቸውና የደረሰባትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው፤ ለማንም እንዲህ አብራርታ ነግራ አታውቅም።

"ጠበቃ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ምን እንደሚፈልጉ በወረቀት ይጻፉት" አለቻቸው። "አንብበውለት፣ ይህን ፍርድ ቤት ይሰጠኛል ወይ፣ አይሰጠኝም ወይ ብለው ይጠይቁት። ዝም ካለ ወይም አይዞዎት ካለ ደግመው ይጠይቁት። የሚያስፈርምዎትን ሁሉ ያንብቡ። ምስክር ሲጠይቅዎ ያ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያስቡ። ይፈረድልኝ ማለትና እውነቱን አውጡልኝ ማለት ለየቅል ናቸው፤ እኔ አንድ መስለውኝ ነው።"

አቶ ገረመው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሟት። አልፎ አልፎም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሰነዱን እንዳላጠፋሁ ልጆቼ ፊት እንዲታወቅልኝ ነው የምፈልገው" አሉ።

"እሱን ነው የሚጽፉት።"

"እርስዎ ግን ተፈርዶልዎታል አይደል?"

"ተፈርዶልኛል።"

"ካሳውንም ተቀብለዋል?"

"ተቀብያለሁ።"

አቶ ገረመው ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ። "እንግዲያው የዚያን ጠበቃ ቁጥር ይስጡኝ" አሉ።

አሰፋሽ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ቁጥሩን በቃሏ አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ አምስት ወር ሙሉ ደውላበታለችና አልረሳችውም።